ሐኪሙ ያላለው

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ጋምቤላ ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ነበርኩ፤ ከደጋ የመጣሁ፣ በከተማው ዘመድ የሌለኝ ሴት። ከምንከባከባቸው አረጋውያን አንዱ፣ አባባ ይመርም ብቸኛ ነበሩ። ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚያው ጋምቤላ፣ አቦቦ ወረዳ ሲያርሱ ኖሩ፤ ሚስታቸው ሞቱ፣ ልጆቻቸው ተበተኑ። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ እኛ ዘንድ ገቡ።

የሐኪሙ ትእዛዝ ግልጽ ነበር፦ ጠዋትና ማታ ይራመዱ፤ ከተኙ እግራቸው ይከዳቸዋል። ደግፌያቸው እስከ ግቢው በር እንሄዳለን። እዚያ አቶ ኦሞድ የሚባሉ የሰፈሩ አኙዋክ ሽማግሌ ይጠብቋቸዋል። ሁለቱ ስለ በቆሎና ስለ ባሮ ወንዝ ሙላት እያወሩ ሲሳሳቁ፣ እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ እቁነጠነጣለሁ።

ሙቀቱ ሲበረታ አንድ ጠዋት፣ «አባባ፣ ሐኪሙ እንዳይራመዱ ከልክሏል» አልኳቸው። ዋሸሁ። እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ማንም አላስገደደኝም።

«ሐኪሙ ካለማ ምን ይደረጋል» ብለው አልጋቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

አቶ ኦሞድ መጥተው ሲጠይቁኝ «ተኝተዋል» እላለሁ። እየቆዩ መምጣቱን ተዉት። አባባ ይመር፣ «ልጄ፣ እስቲ ሐኪሙን ለምኚልኝ፤ እስከ በሩ ብቻ» ሲሉኝ፣ «ለምኜው እምቢ አለ» አልኩ። ምን ዓይነት ልብ ነበረኝ? ዓይናቸውን እያየሁ እንዴት ቻልኩ?

ከወራት በኋላ አዲስ የተመደበች ነርስ ልታስነሳቸው ሞከረች። እግራቸው አልታዘዝ አለ።

«ለምንድን ነው ያላራመድሻቸው?» ብላ ጮኸችብኝ።

አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «እሷን አትቆጫት። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ደንግጬ አየኋቸው። መዋሸቴን ያውቁ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በዚያው ክረምት አረፉ። አቶ ኦሞድ ለልቅሶ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ይመር ጠልቶኝ ነበር?» አሉኝ። «ምን አደረግኩት?»

ምንም እንዳላደረጉት ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ቡና ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ገበያ ላይ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር ብል ታምኑኝ ይሆናል። አልልም። አልደከመኝም ነበር። ሰልችቶኝ ነበር።