የእህቴን ፀጉር የቆጠርኩባቸው ዓርቦች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለአባቴ አልነገርኩም። አብረውኝ ግጥም ለሚያነቡት ልጆች አልነገርኩም። በሱጁድ ግንባሬ መሬት ሲነካ እንኳ በደፈናው «ማረኝ» እላለሁ እንጂ ነገሩን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ከሁሉም በላይ ለእሷ አልነገርኩም። ዛሬ ፊታችሁን ለማላየው ለእናንተ በስሙ እጠራዋለሁ፤ እህቴን ዋሸኋት። በሰባት ወር ውስጥ፣ በሰባት ዓርብ፣ ሰባት ጊዜ ዋሸኋት። የዋሸኋትም ራሷ ልታየው በማትችለው ነገር ላይ ነው፤ በገዛ አናቷ ላይ።

ሐያት ትባላለች። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ሰበታ ያለውን የአባታችንን የጨርቅ ሱቅ የምታንቀሳቅሰው እሷ ነበረች። እኔ ሜትር ይዤ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ከባንኮኒው ሥር ደብተሬን አውጥቼ እጽፋለሁ። እናታችን ከሞተች ወዲህ በቤታችን ሌላ ሴት የለም። ስለዚህ ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መጋዘን ጠርታኝ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ሂጃቧን ስትፈታ፣ ለምን እኔን እንደመረጠች አልጠየቅኩም።

«እስቲ እየው» አለችኝ። «ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል። በመስታወት ብል በስልክ ብል አልታይ አለኝ። ገጣሚ ነኝ ትል የለ? ዓይን አለኝ ትል የለ? ያየኸውን ንገረኝ።»

አየሁ። መሃል አናቷ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ሳስታለች። እዚያች ላይ ቆዳዋ ያብለጨልጫል፤ ዙሪያውን ያለው ፀጉር ግን እንደ ድሮው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ያየሁትን ነገርኳት። ያን ቀን የነገርኳት እውነቱን ነው።

ከስልኳ ላይ የሌዘር ኮፍያ የሚባል ነገር አገኘች። ውስጡ በቀያይ ጥቃቅን መብራቶች የተሞላ፣ እንደ ሞተረኛ ሄልሜት ራስ ላይ የሚደፋ። ቡራዩ ውስጥ ያላት አንዲት የውበት ሳሎን ነበረች። ሰበታ ቢሆን ኖሮ አትሄድም ነበር፤ የሰበታ ሴት ግማሿ ደንበኛዋ ናት። ቡራዩ ግን የሚያውቃት የለም። ለአባታችን የልብስ ቅድ ኮርስ ልትማር እንደሆነ ነገረችው።

«ብቻዋን አትሄድም» አለኝ አባቴ። «አንተ አብረሃት ሂድ። እዚህም ሆነህ ያው ወረቀት ነው የምታበላሸው።»

የሳሎኑ ባለቤት ድሮ ነርስ የነበረች ሴት ናት፤ ሁሉም ሲስተር ሮማን ይሏታል። በመጀመሪያው ቀን ሐያትን ከመጋረጃ ጀርባ አስገብታ አናቷን አየችና ሁለታችንንም አስቀመጠችን።

«ስሙኝ» አለች። «ይሄ ብርሃን ፀጉሩ ሳስቶ ሥሩ ግን በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሲረዳ አይቻለሁ። እሱም ቀስ ብሎ ነው፣ ለሁሉም አይደለም። ሥሩ ከሞተ ግን መብራት ነው፤ በቃ፣ መብራት። የትኛው እንደሆነ ከላይ አይቼ የምለይ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በየወሩ ቁጠሩ። በሦስተኛው ወር ከቀነሰ እኔ ጋ እንዳትመጡ። በዚያው ሳምንት የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።»

ከዚህ በላይ ምን ትበል? ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

አቆጣጠሩን ያበጀችው ሐያት ናት፣ በጨርቅ ነጋዴ ብልሃት። በሱቁ ሜትር ከሁለቱ ቅንድቦቿ መሃል ተነስቼ ሃያ ሳንቲሜትር ወደ ኋላ እለካለሁ። እዚያ ላይ ከጨርቅ ጥቅል ካርቶን የቆረጥናትን፣ መሃሏ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ የተበሳች ካርድ አስቀምጣለሁ። በቀዳዳዋ የሚታየውን ፀጉር አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ እየለየሁ እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩን በደብተር እጽፋለሁ። ይህን የምናደርገው በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ፣ አባታችን ለጁምዓ ሲወጣ ነበር። እኔ ቆጥሬ እጨርስና ከኋላው ሮጬ እደርሳለሁ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ከሳሎኑ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የኦቦ ገመቹ እንጨት ቤት ነበር። በርና መስኮት የሚሠሩ ሰው ናቸው። እኛ ሳሎኑ በምንመጣባቸው ቀናት፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማሽናቸውን አጥፍተው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ግጥም ለሚጽፉ አምስት ስድስት ልጆች ቦታውን ይለቁ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በራፉ ላይ ስቆም «አካም ጅርታ? ና ግባ፣ በር የምንሠራው ሰው እንዲገባ ነው» ብለው አግዳሚው ላይ የነበረውን የመጋዝ ብናኝ በክንዳቸው ጠረጉልኝ። አነበብኩ። ሳነብ ሰዎቹ ዝም አሉ። ሱቃችን ውስጥ እኔ ስናገር ማንም ዝም ብሎ አያውቅም።

ሐያት ኮፍያው ሥር የምትቀመጠው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እኔ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል እቆይ ነበር። እሷ ጨርሳ፣ ሂጃቧን አስተካክላ፣ የሳሎኑ ወንበር ላይ ትጠብቀኛለች።

«ዛሬስ አጨበጨቡልህ?»

«እዚያ አይጨበጨብም።»

«እንግዲያው ሱቅ ብትቆም ይሻልሃል። እዚያም አይጨበጨብም» ትልና ትስቃለች። አንድም ቀን ለምን ዘገየህ አላለችኝም።

በመጀመሪያው ወር ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ። በሁለተኛው ሃያ ዘጠኝ። ሁለቱንም ነገርኳት፣ ሁለቱንም ጻፍኩ። በሦስተኛው ወር ሃያ አራት ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። መርፌውን እንደያዝኩ ቆምኩ። የሲስተር ሮማን ቃል ትዝ አለኝ። አዎ፣ ትዝ አለኝ፤ ረስቼው አልነበረም። ሃያ አራት ካልኳት ቡራዩ መሄድ ያበቃል። ቡራዩ መሄድ ካበቃ እንጨት ቤቱ ያበቃል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ፣ በሰው ፊት ላነብ ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ነው።

«ስንት ሆነ?» አለች፣ አንገቷን እንደደፋች።

«ሠላሳ ሦስት።»

ትከሻዋ ረገብ ሲል አየሁ። «አልሐምዱሊላህ» አለች ቀስ ብላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። እኔ ሜትሩን ጠቀለልኩ፤ ሠላሳ ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ ወደ መስጊድ ሮጥኩ። በመጨረሻው ሰልፍ ከሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሜ ቆምኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ለምን እንዲህ አደረግኩ? አዘንኩላት ልበል? ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነው ልበል? ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ውሸት ነው። ያዘንኩት ለራሴ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ስድስት አድማጭ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። ሰው እህቱን ለዚህ ይሸጣል? እኔ ሸጥኳት።

ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሃያ አንዱን ሠላሳ ስድስት አልኩ። አሥራ ሰባቱን ሠላሳ ስምንት አልኩ። በአንድ ጊዜ ብዙ አልጨምርም፤ ሁለት፣ ሦስት፣ እንዲታመን። አንድ ጊዜ በስልክ ፎቶ አንሳልኝ አለች። የመጋዘኑን በር ከፈት አድርጌ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አደረግኩ፣ የዳሩን ፀጉር በጣቴ ወደ መሃል አጋደምኩ፣ አነሳሁ። ስታየው «ኧረ ሞልቷል እኮ» አለች። በግጥም የምመካበት ዓይኔ ነበር ይህን ያደረገው።

ከሁሉም የከፋውን ገና አልነገርኳችሁም። ሙባረክ የሚባል ሰው ቡራዩ መመላለስ ከመጀመራችን በፊት ለትዳር ጠይቋት ነበር። ሱሉልታ ላይ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ ረጋ ያለ ሰው። ሐያትም ወዳው ነበር። ኒካሁን ግን «ትንሽ ቆይ» እያለች ታስተላልፈዋለች። በስድስተኛው ወር፣ ከቡራዩ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ።

«ልንገረው ይሆን?»

«ምኑን?»

«የራሴን ነገር። ቤቱ ገብቼ ድንገት ከሚያየው ብዬ ነው።»

«እየበቀለ አይደል እንዴ?» አልኳት። «ምን ብለሽ ነው የምትነግሪው? ለምን ታስደነግጪዋለሽ?»

አሰበች። «እውነትህን ነው» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። እውነትህን ነው አለችኝ።

በዘጠነኛው ወር ሲስተር ሮማን «እንግዲህ ከበቀለልሽ እንቀንሰው፣ እስቲ ልየው» ብላ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። እስከዚያ ድረስ ሐያት ኮፍያውን ራሷ ነበር የምትደፋው፤ ሰው ፊት መገለጥ ስለማትወድ ሮማንም ቁጥሩን ብቻ ጠይቃ ትተዋት ነበር። ሮማን ብቻዋን ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አንተ ነህ የምትቆጥርላት?»

«አዎ።»

«ዓይንህን ያምሃል?»

ፊቴን አየችኝ። የገባት ይመስለኛል። ለሐያት ግን አልነገረቻትም፤ «ነገ ሐኪም ጋ ሂዱ» አለች እንጂ።

ሐኪሟ አዲስ አበባ ያሉ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። በማጉያ መነጽር አዩዋት። የሳንቲም ያህሉ ቦታ በዚያን ጊዜ የእጅ መዳፍ አህሏል። ይህ ዓይነቱ ጠባሳ ጥሎ የሚሄድ ነው አሉ፤ ከቆዳው ሥር ተቆጥቶ የፀጉሩን ሥር ይዘጋዋል፣ ከተዘጋ በኋላ ሌዘርም ሆነ ሌላ አይከፍተውም። ያለውን ዳር ለማዳን መድኃኒት ሰጡ።

«መጀመሪያ ላይ ብትመጪ እዚያው እናቆመው ነበር» አሏት። «መቀነስ የጀመረው መቼ ነው?»

«እየጨመረ ነበር እኮ ዶክተር» አለች ሐያት። ከቦርሳዋ ደብተሩን አወጣች። ይዛው መጥታ ነበር። «ይኸው፣ ወንድሜ በየወሩ ጽፎታል።»

ዶክተሯ አገላበጡት። «በዚህ በሽታ እንዲህ አይጨምርም።»

«ቆጥሮት ነው ዶክተር። አንድ በአንድ፣ በመርፌ ነው የቆጠረው። ጠንቃቃ ነው።»

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። ወለሉን አየሁ።

ለሙባረክ በዚያው ሳምንት ነገረችው። ሳይቆጣ ተለያት፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ያለውን የነገረችኝ መጋዘን ውስጥ፣ ጨርቅ እያጣጠፈች ነው። «ፀጉሩን ምን አገባኝ አለኝ። ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ደበቅሽኝ አለኝ። ሌላ ምን እንደምትደብቂኝ በምን አውቃለሁ አለኝ።» ጨርቁን ደረበችው። «እየቀነሰ መሆኑን ባውቅ ኖሮ በሦስተኛው ወር እነግረው ነበር። ወላሂ እነግረው ነበር። እየጨመረ ነው ብዬ እኮ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ምን አደረግክ አንተ፣ ያን ሁሉ መንገድ ከእኔ ጋር ተንከራተትክ» አለችኝ። አመሰገነችኝ። ምስጋናዋን ተቀበልኩ።

መሣሪያውን አልከስም። በዚያው ሳሎን ከግንባሩ በላይ ፀጉሩ የሳሳ አንድ መምህር በስድስት ወር መልሶ ሲሞላለት በዓይኔ አይቻለሁ። ሲስተር ሮማን አልዋሸችም፣ ብርሃኑም አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ዝም ብዬ እኖር ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ግን የአጎታችን ልጅ ፈቲያ ከተፍኪ መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷም አናቷን ያሳክካታል። ሐያት አጠገቧ አስቀምጣ «ቡራዩ ሂጂ» ስትላት ሰማሁ። «ለእኔም መጀመሪያ ላይ በደንብ አብቅሎልኝ ነበር፤ በኋላ ነው የከዳኝ። እሱ ይቁጠርልሽ፣ ያውቅበታል።» የጻፍኩት ቁጥር አልሞተም፤ ሌላ ሰው ሊበላ ተነስቷል።

ፈቲያን በር ድረስ ሸኘኋትና መጀመሪያ ሐኪም ጋ እንድትሄድ ነገርኳት።

«የሐያት ግን ጨምሮ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ተሳስቼ ቆጥሬ ነው» አልኳት።

ስምንተኛ ውሸት። ተሳስቼ አልቆጠርኩም። በትክክል ቆጥሬ በውሸት ጻፍኩ። ፈቲያ ሐኪም ጋ ሄደች፣ አልሐምዱሊላህ፣ በጊዜ ደረሰች። እኔ ግን ያን ዕለት መንገድ ዳር ቆሜ፣ እውነቱን ለመናገር ምን ያህል እንደቀረበኝና እንዴት እንደገና እንደሸሸሁት አየሁ።

በእኛ ዘንድ የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልማረው አይለቅም። ስለዚህ ነገ ሱቁን ከመክፈታችን በፊት ይህን ወረቀት ለሐያት እሰጣታለሁ። በቃል ልሞክር ብል እንደማሳምረው አውቃለሁ። አፉ በይኝ እላታለሁ፤ ባትለኝም መብቷ ነው። ልታስወጣኝ ትችላለች። ዳግመኛ ስሜን ላትጠራው ትችላለች።

ከእናንተ ግን ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። «ልጅ ነበር» አትበሉልኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መቁጠር እችል ነበር።