በአጥር የወጣ ሌሰን ፕላን

ብምል ብገዘት የሚያምነኝ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን አንድ ፒሬድ ሙሉ እንግሊዝኛ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሳልናገር፣ ከፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሆኜ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቹ ደግሞ ከተማው ማዶ ነበሩ።

እንግሊዝኛን ከሬዲዮ ነው የለቀምኩት። ዲግሪው በኋላ በክረምት ኮርስ መጣ እንጂ እኔ ቀድሜ ደርሼ ስጠብቀው ነበር። እኔ ያስተማርኩት የአምቦ ልጅ ከፈረንጅ ጋር ቢከራከር ፈረንጁ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው።

በ2008ቱ የሰልፍ ወራት ከተከራየሁበት ቤት ወሰዱኝ። እንዴት እንደተያዝኩ ለጊዜው ይቆየኝ፤ ያኔም አቆይቼው ነበር። ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ተቀብለው ወደ አንድ ክፍል አስገቡኝ። ሲሚንቶ ወለል፣ በሩ ጥግ የሽንት ባልዲ፣ በላብ የራሰ የብርድ ልብስ ሽታ። ሰው ጉልበቱን አቅፎ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጧል። ከጊንጪ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ምን አድርገህ ነው ልጄ አሉኝ።

እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው እያሳየሁ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የወታደር መኪና ፊት ቆሜ፣ ልጆቼን ከመንካታችሁ በፊት በእኔ ላይ እለፉ ብዬ መኪናውን እንዳቆምኩት ተረኩላቸው። ሽማግሌው ተነሱና ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ከባልዲው የራቀ፣ ግድግዳ የሚያስደግፍ ቦታ። እሳቸው ባልዲው አጠገብ ሄደው ተኙ። ኧረ አይሆንም ብያለሁ፤ ግን ጮክ ብዬ አላልኩም።

ከእስር ቤት ወሬ የሚወጣው በምሳ ዕቃ ነው። ምግብ የሚያመላልሱት ሚስቶችና እናቶች ይዘውት ወጡና ከተማው መኪና ስላቆመው ቲቸር ያወራ ጀመር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ጠያቂ አለህ ተብዬ ስወጣ፣ ከሽቦ አጥሩ ማዶ በእኔ ምትክ ክፍል የምትገባው መምህርት ቆማለች። ከጎጃም የመጣች አዲስ ምሩቅ ናት፤ ኦሮምኛዋ ገና ሰላምታው፣ «አካም» ላይ ነው። ስታፍ ውስጥ እንግሊዝኛዋን እየቀዳሁ የማስቅባት እኔ ነበርኩ። ከጎኗ አከራዬ ምግቤን ይዘው ቆመዋል። እንደ አገሩ ወግ በአክብሮት አዴ ነው የምላቸው። እንዴት እንደተያዝኩ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ የከተማውን ወሬ ሰምተው ዝም ብለዋል።

ተረኛው ሳጅን በመሀላችን ይንጎራደዳል። ወረቀት ማቀበል ክልክል ነው። ማውራትም በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ ብቻ ነው፤ «እኔ ያልገባኝን ማንም አይሰማም» ብሎናል።

«ቲቸር፣ የነገውን ሌሰን ፕላን ልቀበልዎት ነው የመጣሁት» አለችኝ። «አስረኛ ሲ ነገ አንደኛ ፒሬድ ላይ የሚቀመጥልኝ አይመስለኝም። እርስዎ መኪና ያቆሙበትን በር ሊያዩ ይፈልጋሉ። ሁሉም።»

ሳጅኑ ፈገግ አለ። እኔ ግን ገባኝ። ለእኔ ብለው ሰልፍ ሊወጡ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ በር ውጭ አስፋልቱ ላይ ወታደሮች መሣሪያ ደግነው እንደቆሙ እሷም እኔም እናውቃለን።

ስም ጥሪውን አስረዝሚው አልኳት። ዲክቴሽን ስጫቸው፣ ያለፈ ዓመት ፈተና አሠሪያቸው አልኳት። መምህር በድንገት ሲጠፋ ምትኩ የሚሠራው ይሄንኑ ነው። ሁሉንም ሞክራዋለች። ደብተር እንኳ አያወጡልኝም አለችኝ።

ክፍሌን አውቀዋለሁ። ሳቅ የያዘው ልጅ ከወንበሩ አይነሳም። ለጀግና እንጂ ለመሳቂያ ደግሞ ሰልፍ የሚወጣ የለም።

«ፓሴጅ ነው» አልኳት። «በቃልሽ ያዢው፣ ወደ እንግሊዝኛ አንቺ ትመልሺዋለሽ። ርዕሱ፣ መምህራችን እንዴት ተያዘ።»

ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ ግቢው በጠያቂ ጫጫታ ስለተሞላ አልሰማ አላት። ጮክ ይበሉ አለችኝ። ጮኽኩ።

መምህሩ በር ላይ አልቆመም። የወታደር መኪና ቀርቶ ባጃጅ አስቁሞ አያውቅም። ፖሊስ መጣ ሲባል የአከራዩን ቀሚስ ለበሰ፣ ሻሽ አሰረ፣ አልጋቸው ላይ ተኛ። ፖሊሱ እግዜር ይማርሽ እማማ ሲለው በቀጭን ድምፅ አሜን አለ። የተያዘው እግሩ ከብርድ ልብሱ ስለወጣ ነው፤ አርባ አራት ቁጥር ጫማ የምታደርግ እማማ አምቦ ውስጥ የለችም።

ጫጫታው ቆመ። ጠያቂው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሳጅኑ ሆዱን ይዞ፣ «እግዜር ይማርሽ ያልኳት እኮ እኔ ነኝ» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስቅ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። እሳቸውም ጠያቂ መጥቶላቸው ከኋላዬ የቆሙት የጊንጪው ሽማግሌ አልሳቁም።

ጥያቄዎቹንም ሰጠኋት። መምህሩ ምን ለብሶ ነበር፣ ምን ብሎ መለሰ፣ በምን ታወቀ፣ መኪና አቁሟል እውነት ወይስ ሐሰት። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ለአንድ ፒሬድ ሳቅ ይበቃል።

አዴም አልሳቁም። ምሳ ዕቃውን የያዙት በግራ እጃቸው ነው። ቀኙ በነጠላ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«አምስተኛ» አልኩ። «ሴትዮዋ በራቸው ላይ ቆመው የታመመች እናቴ ናት፣ አትግቡ ሲሉ ገፈተሯቸው። ደረጃው ላይ ወድቀው ሲጮኹ፣ መምህሩ ምን አደረገ?»

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ። መምህርቷ «መልሱስ ቲቸር?» አለችኝ።

«ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ዝም አለ። ሌላ መልስ የጻፈ ካለ ኤክስ አድርጊበት።»

ሳጅኑ ሰዓት አልቋል አለ። አዴ ምሳ ዕቃውን በሽቦው ሥር ገፋ እያደረጉ፣ «አምስተኛዋን ተዋት፣ ለልጆች ከባድ ናት» አሉኝ።

«ትግባ አዴ» አልኳቸው።

ወደ እስር ክፍሉ ስመለስ ብርድ ልብሴን አንስቼ ባልዲው አጠገብ ዘረጋሁት። ሂድ ያለኝ የለም። ሽማግሌው ግን ወደ ድሮ ቦታቸው አልተመለሱም፤ እዚያው ከጎኔ ጋደም አሉ። ግድግዳው ሥር ያለው ቦታ ባዶውን አደረ።

ሰኞ አስረኛ ሲ ከክፍል አልወጣም። መምህርቷ በኋላ እንደነገረችኝ ሳቃቸው እስከ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይሰማ ነበር፤ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ጸጥ አሉ። ደወል ተደውሎም ለመነሳት የቸኮለ አልነበረም።

አሁን ልጆቹ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። አንዱ ባኮ መስመር ጭነት መኪና ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያየኝ ክላክስ ያደርግና እግዜር ይማርሽ እማማ ይለኛል፤ እኔም በዚያው በቀጭን ድምፅ አሜን እለዋለሁ፤ ሁለታችንም እንስቃለን። እሱ ሲያልፍ ከደረጃው የመጣችው ጩኸት ጆሮዬ ላይ ትቀራለች። ብዙ ዋሽቻለሁ፣ ዕድሜ ከሰጠኝ ገና እዋሻለሁ። ይቺ ግን ውሸት ብትሆንልኝ ደስታዬ ነበር።

ያላመነኝ አምቦ ይሂድ። የሁሉቃን ወንዝ ተሻገሩና የቲቸር አከራይ የት ናቸው በሉ፤ የሚያሳያችሁ አታጡም። አዴ ከእኔ አሳምረው ያወሩላችኋል። በግራ እጃቸው ቢጨብጧችሁ ግን ንቀት እንዳይመስላችሁ።