በበሩ ሥር ያለፈው ክር

ጆሮዬ የደከመው ቀስ በቀስ ነው። መድከሙን ያመንኩት ግን የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርዳ፣ የበሩን ደወል ደውላ ደውላ ሲያቅታት፣ በዚያ የአል ዓይን ከተማ ሙቀት በራችን ላይ ስታለቅስ ጎረቤት ያገኛት ቀን ነው። አቡዳቢ ባለ ሆቴል ውስጥ የምትሠራው ልጄ ማታ አል ኸቢሲ የሚባለው ሰፈራችን ስትደርስ ፊቷ ጠቁሯል።

"እማዬ፣ ደሴ ብትመለሺ ይሻላል። ሞግዚት እቀጥራለሁ።"

"ጆሮዬ ቢደክም እጄም ደከመ? እኔን ሳትጠይቂ ነው የምትፈርጂው?"

"ልጄ በሙቀቱ ብትወድቅስ?"

እውነቷን ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።

ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ጋር ኦአሲስ ወደሚሉት የቴምር ደን ሄድን። ከቴምሮቹ መሃል ሸረሪት ድሯን ዘርግታለች። ልጅቱ በጫማዋ ልትመታት ስትል እጇን ያዝኩ። ወሎ እኛ ዘንድ ሸረሪት አይገደልም፤ ነቢያችንን ጠላት ሲያሳድዳቸው የዋሻውን አፍ በድሯ የሸፈነችላቸው እሷ ናት።

"ኦኬ፣ ሶሪ እማማ" አለችና ጆሮዬ ሥር ጮኸች። "ግን ጆሮ የላትም። እንደ አንቺ!"

"አፍሽን!"

"እውነቴን ነው! በእግሯ ነው የምትሰማው፤ ቲቸር ነግራናለች። ድሩ ሲንቀጠቀጥ ዝንብ ይሁን ንፋስ ትለያለች። ወንዱም እንዳትበላው ድሩን መታ መታ አድርጎ ነው የሚመጣው።"

በሣር ጫፍ ድሩን ነካች። ሸረሪቷ ሮጣ መጣች፤ ሣር መሆኑን ስታውቅ ተመለሰች። ልጅቱ ደግማ ብትነካው ሸረሪቷ ንቅንቅ አላለችም።

ቤት ስንገባ ከሻንጣዬ በእንዝርት የፈተልኩትን ጥጥ አውጥቼ ድርብ አድርጌ አከረርኩት። አንዱን ጫፍ የእጄ አንጓ ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን በበሩ ሥር ወደ ውጭ አሳለፍኩ። ከሰኞ ጀምሮ ልጅቱ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሦስቴ ሳብ ሳብ ታደርጋለች፤ እከፍታለሁ።

አንድ ቀን አውቶቡሱ ሳይደርስ ክሩ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ተሳበ። ሄጄ ከፈትኩ። ልጄ ከነሆቴል ልብሷ ቆማለች።

"ማን መሆኑን ሳታውቂ ትከፍቻለሽ?"

"አንቺ መሆንሽን አውቄያለሁ። ልጅሽ ሦስቴ ነው የምትስበው። አንቺ እንደ ሌባ ሳብሽው። ልትፈትኚኝ መጣሽ?"

ገባች። ክሩን ከአንጓዬ ፈታች። የምትበጥሰው መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

"ትኬትሽን ቆርጫለሁ፣ እማዬ።"

"የቆረጥሽው አንቺ፣ የምትሰርዢውም አንቺ።"

ክሩን ጣቷ ላይ አጠበቀችው። ድንገት ብድግ አለች። ጣቷን አየሁት፤ ክሩ ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ አደረገው።

በሩን ለልጇ እሷ ከፈተችላት።