ሰይፌና የታችኛዋ ዶ

ባሌ ሰይፈሚካኤል አንዲት ኖታ ላለመጻፍ ብሎ ዘፈኑን በሙሉ እንደ አዲስ የሚጽፍ ሰው ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ከእሱ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ፤ አዳማ ፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለችኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀቱን እያባዛሁ ቀለሜን የምጨርሰውም እኔው ነኝ። ትናንት ያባዛሁትን ዛሬ ይዞት ይመጣና «ዘውዴ፣ ይኼኛው ቀርቷል፣ በዚህ ቀይሪው» ይለኛል። ምኑ ተቀየረ ብዬ ሁለቱን ሳስተያይ፣ ለኔ ያም ይኼም አምስት መስመር ላይ የተበተነ ጥቁር አዝሙድ ነው።

ኖታ የተማረው በጉብዝናው ወራት ወታደር ቤት ነው። አባቱ ከደብረ ብርሃን በኩል መጥተው እዚህ የሰፈሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ልጄ ቢሮ ይገባልኛል ሲሉ እሱ ክላርኔት ይዞ ከክፍለ ጦር ባንድ ጋር ሄደላቸው። በኋላ ክፍለ ጦሩ ሲበተን ክላርኔቱንም ተቀበሉት፤ ይዞ የተመለሰው ኖታውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሞጆ እስከ ዝዋይ ድረስ ሰርግ የሚያጅብ፣ ምርቃት የሚያደምቅ፣ መዘምራን የሚያሠለጥን ሁሉ ኖታ ሲቸግረው እኛ ቤት ይመጣል። ዘፈኑን በስልክ ያሰሙታል። እሱ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል፣ በማስመሪያ መስመሩን ያሰምራል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱን ወረቀት በእጁ ይጽፋል። ለትራምፔቱ ለብቻው፣ ለክላርኔቱ ለብቻው፣ ለቱባው ለብቻው። ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ኖታ ሲያይ በሽተኛ እንደጠየቀ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል።

ይኼ ሁሉ ባልከፋኝ። እኔን አንጀቴን ያሳረረው የሆራ ነገር ነው።

ሆራ የትሮምቦን ተጫዋች ነው፤ ያ ቱቦውን በክንድ ወደ ፊት እየገፉ ወደ ኋላ እየሳቡ የሚነፉት ረጅሙ መሣሪያ። ከሰይፌ ጋር ከወታደር ቤት ጀምሮ አይለያዩም፤ አሁንም ሁለቱም የአንድ የጡረተኞች ማርሽ ባንድ አባል ናቸው፤ ሰይፌ ኖታውን ይጽፋል፣ ሆራ ይነፋል። ሆራ የዚሁ የአዳማ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ሰላም ይልና በአማርኛ ይሳደባል። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፣ ልጅ የለውም፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ከዓመታት በፊት አንድ እሑድ ቆቃ ዓሣ በልቶ ሲመለስ የተሳፈረባት ባጃጅ ተገለበጠችና ክርኑ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ሂድ ቢባል አሻፈረኝ ብሎ ወጌሻ ጋ ሄደ። ወጌሻው አሸለት፣ አሰረለት፤ ክርኑም ዳነ፣ ግን እንደታጠፈ ዳነ። ያጎርሰዋል፣ ዕቃ ያነሳበታል፣ ሰው ይጨብጥበታል። እስከ መጨረሻው ግን አይዘረጋም። ትሮምቦን ላይ ደግሞ ዶ የምትባል አንዲት የታችኛ ኖታ አለች፤ እሷን ለማውጣት ቱቦውን ክንድ እስኪያልቅ መግፋት ያስፈልጋል። ሆራ አይደርስባትም።

ታዲያ ምን አለበት? ሰው ለጓደኛው «ወንድሜ፣ ይቺ ነገር አልሆነችኝም» ቢል ሰማይ ይደፋል? አልተባለም። ሆራ ነገሩን ዋጥ አደረገው። ሰይፌ ደግሞ ልምምድ ላይ ክንዱን አይቶ ገባውና እሱም ዋጥ አደረገው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሌ የሚጽፈው ሁሉ ያችን ዶ በሩቁ የሚዞር ሆነ። ዘፈኑ ዶዋን ግድ ካለ፣ መላ ዘፈኑን ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ክላርኔቶቹ ይንጫጫሉ፣ ዘፋኟም ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ ብላ ታኮርፋለች። ከፍ ማድረግ ካልቻለ ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ ትሮምቦኑን ያሳርፈዋል፣ ዶዋን ለሌላ መሣሪያ ቢሰጣት ሆራ ይነቃል ብሎ ይፈራልና፤ ያኔ ሙዚቃው ጨው ያልገባው ሽሮ ይሆናል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው፣ ያውም ለማንም እንዳልተነፍስ በእመቤቴ አስምሎኝ።

«ማወቄን ካወቀ ትሮምቦኑን ያስቀምጣል፤ ትሮምቦኑን ካስቀመጠ ደግሞ ሆራ የሚባል ሰው አይኖረንም» አለኝ።

እሺ፣ ማልኩ። ሆራ ግን አርፎ መቀመጥ መች ያውቃል! ማታ ማታ ብቅ ይልና እራቱን ከኛ ጋር ይበላል፤ በልቶ ሲያበቃ አዲሱን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ያነሳና ይጀምራል። ይኼ የሕፃን ኖታ ነው፣ እኔን የሚያህል ሰው በዚህ ይጫወታል ወይ፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ወደ ታች ወረድ ብታደርገኝ ይላል። ውሸታም! ቢያወርደው የት ሊገባ ነው? ባሌ እንዳጠፋ ሰው አንገቱን ደፍቶ «እሺ፣ ለሚቀጥለው» ይለዋል። እኔ ጓዳ ገብቼ ከጭልፋና ከድስት ጋር እጣላለሁ። ስንት ጊዜ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ዝም ብዬ ነቅዣለሁ።

ዘንድሮ የሰይፌ ዓይን ሞራ ለበሰ። መጀመሪያ ደበቀኝ፤ በኋላ የክላርኔቱን ኖታ ከአምስቱ መስመር ውጪ ጠረጴዛዬ ላይ ሲጽፍ ያዝኩት። ሐኪም ሞራውን ገፈፈለትና ዓይኑን በፋሻ ሸፍኖ ላከልኝ፤ እስኪድን ድረስ ማጎንበስም መጻፍም ተከለከለ። ባንዱ ደግሞ መልካሳ ላይ ለሚደረግ ምርቃት ቃል ገብቷል። እንግዲህ ማን ይጻፍ? ማናሴ ጻፈ። ማናሴ ልምምዱን እንዲመራ በቅርቡ የገባ ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ በአንድ ከሰዓት ጨረሰውና እንዳባዛለት ላከልኝ።

ሰይፌ ይህን ሲሰማ ከአልጋው ተነሥቶ ተቀመጠ። የትሮምቦኑን ወረቀት አምጪ አለኝ። አመጣሁ። የዶዋ ቦታ በሆነው፣ ከታች ሁለተኛው የመስመር ክፍተት ውስጥ ነጥብ አለች ወይ አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ፈለግሁ። ሞልታለች። ከሁሉ የከፋው መሐል ላይ ነው፤ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝም ይልና ትሮምቦኑ ብቻውን ወደ ታች ወርዶ፣ ወርዶ፣ እዚያች ክፍተት ውስጥ ይቆማል። ይህን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሂጂና ማናሴን ያውጣት በይው» አለኝ፣ «ምክንያቱን ግን አትንገሪው።»

እስቲ ይታያችሁ! ኖታ የማታውቅ ሴት ሄዳ ኖታ የተማረን ሰው ይቺን ኖታ አውጣ ስትለው። ሄድኩ። ማናሴ ወንበር ሰጥቶ በትሕትና አዳመጠኝ፤ ከዚያ ግን ኖታ ሽንኩርት አይደለም፣ አልወደውም ተብሎ አይወጣም አለኝ። ጋሼ ሰይፌ ምክንያቱን ከነገሩኝ አሁኑኑ አስተካክላለሁ አለ። ምክንያቱማ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። መሐላ ባይኖርብኝ እተፋለት ነበር። ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ ባሌንም፣ ሆራንም፣ ያችን ዶንም፣ ወጌሻውንም ስራገም ነው የመጣሁት።

የልምምዱ ቀን ሰይፌ ካልሄድኩ አለ። እጁን ይዤ ወሰድኩት። ልምምዱ የሚደረገው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ነፋሱ አቧራውን በመስኮት እያስገባ ወረቀቶቹን ያገላብጣል። ሆራ ገና ሲያየኝ «አካም ቡልቴ፣ ዘውዴ!» ብሎ ከልክ በላይ ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱን አየና ሳቁ ቆመ። ቢያገላብጠው ዶዋ ከፍ የምትልለት ይመስል እያገላበጠ ደጋግሞ አየው። በኖታው እንኳ አላሾፈም። ያኔ ነው እኔ በእውነት የፈራሁት። ይህ ሰውዬ ዛሬ ትሮምቦኑን አስቀምጦ ቢወጣ፣ ነገ ያን ባዶ ቤቱን ከፍቶ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው?

ጀመሩ። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም አብሮ ስለሚነፋ ምንም አልታወቀም። ከዚያ ያ ቦታ መጣ። ሌላው ሁሉ ዝም አለ፤ ሆራ ብቻውን ቀረና ቱቦውን እየገፋ ወረደ፣ ወረደ፣ ክንዱ አለቀ። ሰይፌ እጄን ጨመቀው። ዶዋ ግን ተሰማች። ወፍራም ሆና፣ ሞልታ ተሰማች። የነፋት ከኋላ ወንበር የተቀመጠው የቱባ ተጫዋች ገርባ ነው፣ በዚያ ግዙፍ መሣሪያው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ማናሴ አስቆማቸውና ጋሽ ገርባ፣ እዚህ ጋ እርስዎ ዕረፍት ነዎት አለው። ገርባ ይቅርታ ተሳስቼ ነው አለ። ደገሙት። ሆራ ወረደ፤ ዶዋ አሁንም ከገርባ መጣች። ማናሴ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። አንድም ሰው አላየውም። ከበሮ መቺው ጫማውን ያያል፣ ክላርኔት ነፊው የጠራውን የክላርኔቱን አፍ ደጋግሞ ይወለውላል፣ ትራምፔቶቹ ወረቀት ያገላብጣሉ። ወይ ጉድ! ሁሉም ያውቃሉ ለካ። እኔ ስንት ዓመት ስነቅዝበት የኖርኩት ነገር የአደባባይ ምስጢር ነበር፤ ሁሉም በይሉኝታ አፉን ለጉሞ ተቀምጧል።

ሆራ ትሮምቦኑን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

«ማናሴ፣ ገርባ አልተሳሳተም» አለ። «ያችን ዶ ለእሱ ጻፍለት። እኔ ክንዴ አይደርስባትም።»

ማናሴ «እሺ፣ ጋሽ ሆራ» ብሎ እርሳሱን አወጣ። ከዚህ ወረቀት ሰረዘ፣ እዚያኛው ላይ ጻፈ፣ አለቀ። አፍንጫ ለመናፈጥ እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ነው ዘፈን ሁሉ ሲፈርስና ሲሠራ የኖረው? ለዚህ ነው እኔ ቀለሜን የጨረስኩት?

ሰይፌ ዓይኑ እንደታሸገ ድምፁ ወደመጣበት ዞረ። «ሆራ፣ እኔ አውቅ ነበር» አለ።

«እንደምታውቅማ አውቃለሁ» አለው ሆራ።

አለቀልኝ። በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል ብድግ አልኩ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት፤ ይህ ሰውዬ ዓይኑ እስኪጠፋ ላንተ ብሎ ሲጽፍና ሲቀድ አንተ ቤቴ ገብተህ፣ ገበታዬን በልተህ፣ የሕፃን ኖታ ነው እያልክ ታሾፍበታለህ ወይ አልኩት። ሌላም ብዙ ብያለሁ፤ ሁሉንም አላስታውሰውም፣ ግን ምላሴ ጫፍ ከደረሰው አንዷንም አልመለስኩም። ሆራ አልተቆጣም። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ዘውዴ» አለኝ፣ «ቤቴ ስገባ የት ዋልክ የሚለኝ ሰው የለም። በየሳምንቱ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ክንዴ ያስባል። ወረቀቱን ባየሁ ቁጥር እሱን ነው የማየው። አትድከም ብዬው ቢሆን ኖሮ ያ ይቀርብኝ ነበር።»

ንዴቴ አልበረደልኝም፣ ዛሬም አልበረደልኝም። ግን የያዝኩት ስድብ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ሆራ አጠገብ ባዶ ወንበር ነበር፤ ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ።