በአውሮፕላን የመጣው ጋሪ

ጎረቤቴ ሙሄዲን ሹፌር ነው። ትውልዱ ጅማ ቢሆንም ፀጉሩ የሸበተው እዚሁ ሚዛን ተፈሪ ነው። በሚሊኒየሙ ማግስት የሚተዳደርባት ላንድክሩዘር ሥራ አጥታ ደጃችን ቆመች። ሚስቱ ዐፊፋ ፓስፖርት አውጥታ፣ ዓረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት ልትሠራ ሻንጣዋን አዘጋጀች። «ሥራ ካገኘህ እቀራለሁ» አለችው። ሙሄዲን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከፈለኝ የሚባል ወዳጁ ደወለለት። ከፈለኝ ቴፒ ውስጥ የቡና መሬት ለሚያጠና የአውስትራሊያ አማካሪ ድርጅት ይሠራ ነበር። አውስትራሊያ ብረቷንና የድንጋይ ከሰሏን ሸጣ ስትጠግብ ምክርም ትሸጣለች አሉ፤ ምክር በነፃ የምናድለው እኛ ይህን ስንሰማ ገርሞናል። ከፈለኝ ኔትወርኩ እየተቆራረጠበት እንዲህ አለው፦

«ጋሪ ነገ በአውሮፕላን ሚዛን ይገባል፤ ተቀብለህ አምጣልኝ። ደህና ካደረስክልኝ ጥናቱ እስኪያልቅ ሥራው ያንተ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሙሄዲን ላንድክሩዘሯ ላይ ጋሪ አይጭንም ነበር። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እኔም የሀብታም አገር ጋሪ በአየር ቢመጣ ምን ይደንቃል ብዬ አበረታታሁት። የፊቱን ወንበር ብቻ አስቀርተን የኋላውን ሁሉ ፈታን፤ ገመድም ይዘን አብረን አውሮፕላን ማረፊያው ሄድን።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ አንድ ረጅም ፈረንጅ ወረደና ደረቱን እየነካ «ጋሪ፣ ጋሪ» አለ።

«ጋሪ አይደለም፣ መኪና ነው» አለው ሙሄዲን፣ ላንድክሩዘሯን እያሳየ።

ፈረንጁ እየሳቀ ደረቱን ደገመው። ሙሄዲን ወደ እኔ ዞረ። «ወላሂ፣ ሰው ነው እኮ! ወንበሩን ቤት ትተን መጣን» አለኝ። እኔም አፈርኩ፤ የዐፊፋ ሻንጣ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው።

ከዚያ ዕቃው መውረድ ጀመረ። የአፈር መመርመሪያ የያዙ፣ ጣራ ላይ የማይወጡ ትልልቅ ሳጥኖች ናቸው። ወንበሩ ቢኖር ኖሮ ግማሹ እዚያው ይቀር ነበር። ሁሉም ገባ። ጋሪ ከፊት ተቀመጠ፤ ለእኔ ቦታ ስለጠፋ በእግሬ ተመለስኩ።

ቴፒ ሲደርሱ ከፈለኝ መኪናውን አይቶ ራሱን ያዘ። «ስለ ዕቃው ሳልነግርህ ቀርቼ ስጨነቅ ዋልኩ። ወንበሩን ማን ፍታ አለህ?»

«ለጋሪ ብዬ ነው የፈታሁት» አለ ሙሄዲን። መዋሸት እንኳ አላስፈለገውም።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ከኛ ጋር ነህ።»

ማታ ዐፊፋ በር ላይ ጠበቀችው። «ጋሪው እንዴት ሆነ?»

«ሰው ሆኖ ተገኘ። አትሄጂም።»

እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ገባች። ሻንጣው ሲከፈት በግድግዳው በኩል ተሰማኝና እፎይ አልኩ።