የጤና አዳሙ ትሎች

አማቴ ከአምባሰል ወደ ሐይቅ፣ እኛ ቤት የመጡት ጉልበታቸው ዳገቱን አልችል ሲል ነው። ከግቢያቸው ያመጡት አንድ ነገር ቢኖር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የጤና አዳም ችግኝ ነበር። እሱን በረንዳው ሥር ተከሉት፤ ልብሳቸውን ግን ከፌስታል አላወጡም። "ትንሽ ልረፍና እመለሳለሁ" ይላሉ። እዚያ ብቻቸውን ቢወድቁ ማን ያነሳቸዋል? እንዲቆዩልኝ ፈለግሁ።

"እዚህ አገር ቢራቢሮ እንኳ የለም" አሉኝ አንድ ቀን፣ የጎረቤትን የብሎኬት ግድግዳ እያዩ።

ትምህርት የጀመርሁት ልጅ ካሳደግሁ በኋላ ስለሆነ፣ ያነበብሁትን አንድ በአንድ ካልፈጸምሁ ደስ አይለኝም። ስለ ቢራቢሮ አነበብሁ። ግድግዳው ሥር የወፍ ቆሎ ተከልሁ፤ በሶብላውንም ሳልቆርጥ እንዲያብብ ተውሁት። ቢራቢሮዎች መጡ። ግን ቀምሰው ይሄዳሉ። እንዲከርሙ እንቁላል የሚጥሉበት ተክል ያስፈልጋል፤ አንዱ ደግሞ ጤና አዳም ነው።

ጤና አዳሙ ላይ ከእንቁላል የተፈለፈሉትን ትሎች መጀመሪያ ያዩት አማቴ ናቸው።

"አንቺ! የወፍ ኩስ ነው ብዬ ልጠርገው ስል ይላወሳል!"

"ይተዉት እማማ፣ ቢራቢሮ ይሆናል።"

"ወላሂ ቀንድ አወጣብኝ! ቢራቢሮ ቀንድ አለው? ይሄም ከመጽሐፍሽ ነው?"

"ከመጽሐፌ ነው።"

"መጽሐፍሽ የራሱን ጤና አዳም ይትከላ!"

ሳቄን ዋጥሁ። እውነታቸውን ነው፤ ከቤታቸው የቀረቻቸው ያቺው ናት። ትሎቹ የሎሚ ቅጠልም ስለሚበሉ በስንጥር እያነሳሁ ጓሮ ወዳለው የሎሚ ዛፍ አዛወርኋቸው።

"ሎሚው ደግሞ ምን በደለሽ?" አሉ።

አንዱ አመለጠኝ። የጤና አዳሙ ግንድ ላይ ራሱን በቀጭን ክር አስሮ የደረቀ ቅጠል መሰለ። አየሁት፤ ተውሁት። እሳቸውም አይተውታል፤ አልነኩትም። ወንበራቸው ግን በየቀኑ ወደዚያው ጠጋ ጠጋ ይል ጀመር።

አንድ ጠዋት በጥድፊያ ጠሩኝ። ቢራቢሮው ወጥቷል፤ ጥቁር ነው፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት፤ እርጥብ ክንፉን አንጠልጥሎ ያደርቃል።

"ዝም በይ! እንዳትነኪው!" አሉኝ፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት።

ግድግዳውን ተሻግሮ እስኪጠፋ በዓይናቸው ሸኙት።

"ይመለሳል?"

"እሱ ባይመለስ ሌላ ይመጣል።"

ከሰዓት በኋላ ከጤና አዳሙ አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ መሬቱን በከዘራቸው ወግተው ተከሏት።

"ይቺ የነሱ ናት። ያቺ የኔ ናት፤ ንገሪያቸው።"

"መቼ ትደርስላቸዋለች?"

"ለከርሞ፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ እኔ እጠብቃታለሁ።"

ውሃ ላመጣ ተነሳሁ።