የራዲዮው ዋሾ ለሽምግልና ሲሄድ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ባሕር ዳር መናኸሪያ

ሰማዩ ገና አልገለጠም፤ ሚኒባሱ ግን ከአሁኑ ሠርግ ቤት ሆኗል። ሾፌሩ ከመሪው በላይ ትንሽ ስክሪን ሰቅሎ የእስክስታ ክሊፕ ከፍቷል። ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ በስልካቸው ስብከት ያዳምጣሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት የኳስ ትንተና ይሰማል፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቷል፣ ድምፁ ግን ለእኔም ይተርፋል። በሰማንያ ብር ሦስት ጣቢያ በአንድ ጊዜ እየሰማሁ ነው። ምን ጎደለብኝ!

"ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ ቀንሰው" አልኩት ሾፌሩን።

ምነው አፌን በቆረጠው! ሾፌሩ ዘፈኑን ጨርሶ አጠፋና በመስታወቱ አየኝ። "ዳምጠው! ዳምጠው አይደለህም እንዴ?"

ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። ቀን ቀን የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ሐሙስ ማታ ግን በራዲዮ ተከታታይ ድራማ ላይ ዳምጠው የሚባል ሰው እሆናለሁ። ዳምጠው የወንድሙን በሬዎች ሸጦ "አፈር ስሆን አላየሁም" ብሎ የማለ ዋሾ ነው። በየሳምንቱ ይምላል፣ በየሳምንቱ ይዋሻል። መልኬን የሚያውቅ የለም፤ ድምፄን ግን ከጣና እስከ ጋይንት የማያውቀው ያለ አይመስለኝም።

ሴትዮዋ ስብከታቸውን አቋርጠው "አንተ ነህ በሬዎቹን የሸጥክ?" አሉኝ።

"ድራማ ነው እኮ እናቴ።"

"ቢሆንስ! የእጅህን ይስጥህ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ለእኔ ቀልድ አይደለም። የምሄደው ለሽምግልና ነዋ! የልጅነት ጓደኛዬ ሙሉጌታ ሊያገባ ነው። ነገ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ሆነን ጉና ተረተር ላይ ወጥተን የልጅቱን አባት ልንለምንለት ነው። እንግዲህ በዚህ ድምፅ "ልጃችን ጨዋ ነው" ልል ነው።

ረፋድ 3 ሰዓት ተኩል፤ ደብረ ታቦር

ወረታ ድረስ ሜዳው የሩዝ ማሳ ነው። ዓለም በር ላይ ቆመን ትኩስ ፓስቲ በላን፤ ሾፌሩ ከእኔ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ወዲያው ለሚስቱ ላከላት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ብርዱ ሲጨምር መስኮቱም በየኩርባው አንድ በአንድ እየተዘጋ ሄደ። ደብረ ታቦር ስንደርስ ጃኬት ያልያዝኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከተማዋ ድምፅ በድምፅ ናት። ባጃጁ ሁሉ ከኋላ ወንበሩ ሥር ስፒከር አለው፤ ሦስት ባጃጅ ሲተላለፍ ሦስት ዘፋኝ ይሰማል። መንገዱ ዳር "ሚሞሪ እንሞላለን፣ ፊልም በፍላሽ እንጭናለን" የሚል ታፔላ ሥር ጋቢ የለበሱ አንድ ገበሬ ስልካቸውን ሰጥተው ቆመዋል። "ምን ልጫንልዎ?" ብሎ የሱቁ ልጅ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። "የፉከራ፣ የመዝሙር፣ ደግሞ አንድ የሚያስቅ" አሉት። ሙሉ ሰው ናቸው።

እኔና ሙሉጌታ ያደግንበት ቪዲዮ ቤት አሁን ጸጉር ቤት ሆኗል። ያኔ በስሙኒ ገብተን መሬት ላይ ተቀምጠን የሕንድ ፊልም እናይ ነበር። የቤቱ ባለቤት ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ በአማርኛ ይተርክልናል። ሕንድኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ ከራሱ ነበር የሚፈጥረው። ተዋናይዋ ሳታለቅስ እሱ ቀድሞ ያለቅሳል። እኔ ከዚያ ሰውዬ ውሸት ተማርኩ፤ ሙሉጌታ ደግሞ ሰው ሰብስቦ ማሳየት።

ቅዳሜ 9 ሰዓት፤ ሙሉጌታ ኳስ ቤት

ሙሉጌታ ኳስ እያሳየ የሚተዳደርበት የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች፣ ከጣውላ የተሠሩ አግዳሚዎች፣ መግቢያ አሥር ብር። በሩ ላይ ያለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ የጨዋታዎቹን ሰዓት ይናገራል። በግራ አንዱን የእንግሊዝ ቡድን የሚደግፉ፣ በቀኝ ሌላውን የሚደግፉ ተቀምጠዋል፤ መካከሉ ላይ ቆሎና ለውዝ ሻጯ ትመላለሳለች። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ እንግሊዝን አላዩም፤ የተከላካዩን የጉልበት ሕመም ግን እንደ ወንድማቸው ሕመም ያውቁታል።

እረፍት ሲሆን ሙሉጌታ እጄን ይዞ ወደ ውጭ ወሰደኝ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው እንደ ተማሪ ፈርቶ አየሁት።

"አንድ ነገር ማልልኝ" አለኝ። "የእናቴን ነገር እንዳታነሣ።"

ነገሩን አውቀዋለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ነው። የዋንጫ ጨዋታ ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው ከፍሎ ገብቷል። ሊጀመር ሲል ሰዎች መጥተው እናቱ መታመማቸውን ነገሩት፤ ቤታቸው በባጃጅ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። "እረፍት ሲሆን እሄዳለሁ" አለ። እረፍት ላይ ጀኔሬተሩ ቆመና እሱን ሲያስነሣ ቆየ። ከዚያ "ሲያልቅ" አለ። አላለቀም፤ ጭማሪ ሰዓት መጣ፣ ቀጥሎም የፍጹም ቅጣት ምት። ሲደርስ የእናቱን ዓይን ጎረቤት ከድኖታል።

"ስመኝ ታውቃለች?" አልኩት። ስመኝ እጮኛው ናት፤ እዚሁ ከተማ ነርስ ናት።

"ነግሬያታለሁ። አባቷ ግን ከሰሙ አይሰጡኝም። ለእናቱ ያልሆነ ለማን ይሆናል ይላሉ። እውነታቸውን ነው።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እሷን ካጣሁ እንግዲህ..." አለኝ።

አንጀቴን በላው። ማልኩለት።

እሑድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፤ ወደ ጉና

ሦስት ነን። መምሬ ፈንታ የሙሉጌታ የነፍስ አባት ናቸው፤ ዛሬ ሰሞነኛ ስላልሆኑ ቅዳሴውን ለሌሎች ቄሶች ትተዋል። አያ ውበት የእናቱ ወንድም ናቸው፣ ዝምተኛ ሰው። ተናጋሪው እሳቸው፣ አማላጁ መምሬ፣ እኔ ደግሞ ማሟያ ነኝ፤ ሽማግሌ ሁለት አይሆንማ።

"አንተ ከ'እንዴት ሰነበታችሁ' ሌላ አትናገር" አሉኝ አያ ውበት ገና መኪና ውስጥ።

ክምር ድንጋይ ከተማ ከመድረሳችን በፊት ወረድንና የእግሩን መንገድ ያዝን። ሁለት ሰዓት ሽቅብ ነው። መምሬ መንገድ ዳር በቆየችላቸው በቅሎ፣ እኛ በእግር። የገብሱ ማሳ ገና አረንጓዴ ነው፣ ከላይ ጉና ጉም ለብሷል፤ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ጅብራው፣ እዚህም እዚያም ቆሞ ይታያል። አንድ የድንጋይ ካብ ጥግ ሦስት ልጃገረዶች ስልክ ደገፍ አድርገው ጭፈራ ይቀርጻሉ። እኛን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው ለመምሬ መስቀል ሊሳለሙ መጡ፤ ስልኩ ግን መቅረጹን አላቆመም። እንግዲህ የሆነ ሰው ስልክ ላይ የመምሬ በቅሎ ትጨፍራለች።

5 ሰዓት፤ አያ በላቸው ደጅ

የስመኝ አባት አያ በላቸው ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነው። ጣራቸው ላይ የፀሐይ መብራት ሰሌዳ ተሰክቷል። እንደ ልማዱ ደጅ ላይ ቆምን።

"ግቡ እንጂ፣ ምነው?"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አያ ውበት።

ገባን፤ ግን ቆመናል። ግድግዳው ላይ፣ ከሥዕለ አድኅኖው ዝቅ ብሎ፣ ራዲዮ ተሰቅሏል። ዳንቴል ለብሷል! ሳየው ሽምቅቅ አልኩ። አያ ውበት "ልጅዎን ለልጃችን" ብለው ለመኑ። ትውልዱን ቆጠሩ፣ ጠባዩን አመሰገኑ፣ "እንከን የለበትም" አሉ። መምሬም "ይሁን ይበሉን" ብለው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። አያ በላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተስ ልጄ? ጓደኛው ነህ አሉ። አፍ የለህም?"

ምን ላድርግ! "ሙሉጌታ ጨዋ ሰው ነው፣ አባቴ" አልኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ ዕቃ ወደቀ። "ኧረ በስመ አብ!" አሉ የስመኝ እናት። "ዳምጠው ነው! ዳምጠውን ይዘውብን መጡ!"

አያ ውበት ዓይናቸውን ጨፈኑ። አያ በላቸው ግን ሳቁ፤ ረጅም ሳቅ። ከዚያ እንደ ከርከሮ ፀጉር የቆመ ቅንድባቸውን ሰብስበው አዩኝ።

"ድራማ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን ይኸውልህ፣ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ድምፅ 'አፈር ስሆን' እያልክ ስትዋሽ ሰምቼሃለሁ። አሁን 'ጨዋ ነው' ስትለኝ ጆሮዬ እምቢ አለኝ። ሽማግሌ ሁሉ ሙሽራን ያመሰግናል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ እኔን እንዲያ አታድርጉኝ። ክፉውን ንገሩኝ። ካንድ ሰው አንድ ክፉ አይጠፋም። እሱን ከነገራችሁኝ መልካሙንም አምናለሁ።"

መጀመሪያ መምሬን አዩ።

"እኔ የነፍስ አባቱ ነኝ" አሉ መምሬ። "እኔን አይጠይቁኝ።"

አያ ውበትን አዩ። አያ ውበት መሬት መሬት አዩ። ቀጥሎ እኔ።

ለራዲዮው ቢሆን ቃል አላጣም፤ "ቁጡ ነው"፣ "እንቅልፍ ይወዳል" ብዬ አንድ ቀላል ጉድለት ፈጥሬ እገላገል ነበር። ምላሴ ላይ መጥቶም ነበር። ግን ሰውዬው ልጃቸውን ሊሰጡ ነው የሚጠይቁኝ። በዚህ ድምፅ አንዴ ብዋሽ፣ ነገ እውነቱን ሲሰሙ ሙሉጌታን ለዘለዓለም ዳምጠው አደርገዋለሁ። ለሙሉጌታ ምዬ ነበር፣ አዎ፤ ግን ነገርኳቸው። የዋንጫውን ቀን፣ "እረፍት ሲሆን" ያለውን፣ ጭማሪ ሰዓቱን፣ የተከደነውን ዓይን። አያ ውበት ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የሞቱት እህታቸው ናቸዋ።

አያ በላቸው ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "እኔ በታመምኩ ቀንስ? ዘግቶ ይመጣል?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ አባቴ።"

"ዳምጠው ቢሆን ይምልልኝ ነበር።"

"ዳምጠው ቢሆን በልጆቹ ይምልልዎ ነበር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "በሉ ተቀመጡ። መልሱን ዛሬ አልሰጥም። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ራሱ ይምጣና ይህንኑ በራሱ አፍ ይንገረኝ።"

መምሬ "እሰይ!" አሉ። እኔ ግን ደነገጥኩ። "የፊታችን ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት... ትልቅ ጨዋታ አለ፣ አባቴ። በዓመት ሁለቴ የሚመጣ ነው። ለሱ ከፋሲካ ገበያ ይበልጣል።"

"ጠፋኝ እንዴ?" አሉ ወደ ራዲዮው እያመለከቱ። "ከድራማችሁ በፊት የስፖርት ዜና አለ። አንተን እንዳላጣህ ብዬ እሱንም እሰማለሁ። ሰዓቱን አውቄ ነው የቀጠርኩት።"

የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበልን። እናትየው ለእኔ ሲያቀርቡ "ብላ፣ ግን በሬዎቹን መልስ" አሉኝ።

10 ሰዓት፤ ቁልቁለቱ

መምሬ በቅሏቸውን አስቀድመው ወረዱ። አያ ውበት ከኋላዬ ናቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ እጠብቃለሁ። እኔ ራሴን እወቅሳለሁ። እንደዚህ ዓይነት ጓደኛ ለጠላትም አይስጥ፤ ለምኜ ላመጣለት ሄጄ ምስጢሩን አራግፌ መመለሴ ነው። ደግሞ ቢጠየቅ ድጋሚ እነግራለሁ። ይኸኛው ነው የባሰ ያስፈራኝ።

አስፋልቱ ከታች ሲታየን ኔትወርክ መጣ። አያ ውበት "ደውልለት፤ እኔም ልስማ" አሉ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ደወልኩ። ከሙሉጌታ ጀርባ አዳራሹ ይጮኻል፤ የእሑድ ጨዋታ ነው።

"ሰጡን?"

"አልሰጡም፣ አልከለከሉምም። የእናትህን ነገር ነግሬያቸዋለሁ።"

የሰው ጩኸት ብቻ ይሰማል። ጎል ገብቶ መሆን አለበት።

"ምለህልኝ ነበር እኮ" አለ በመጨረሻ።

"ምዬልህ ነበር። ይቅር በለኝ። ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ፣ መዋሸት አቃተኝ። ራስህ መጥተህ ንገረኝ ብለዋል። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት።"

"የትኛው ቅዳሜ?"

"የፊታችን። ጨዋታው እንዳለ ያውቃሉ። አውቀው ነው።"

ላባብለው፣ ልለምነው፣ "ቢዘጋ ምን አለበት" ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ይህን እሱ ብቻ ነው የሚመልሰው። ስልኩ ላይ በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ጩኸቱ ራቀ። ወደ ውጭ ወጥቷል።

"ከአስፋልቱ እስከ ቤታቸው በእግር ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት አያ ውበት ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ስልክ መያዝ ስላልለመዱ አፋቸው ውስጥ ሊያስገቡት ምንም አልቀራቸውም።

"ሁለት ሰዓት ነው፣ ልጄ" አሉት። "መንገዱን አታውቀውም፤ አብሬህ እወጣለሁ።"